ግድቡ ላይ የተውኩት ውሻ

ከዳክዬው ግቢ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ለምን ሥራዬን እንደተውኩ ይጠይቀኛል። ጉልበቴ እምቢ አለኝ እላለሁ። ጉልበቴም በእርግጥ እምቢ ብሏል፤ ያስተወኝ ግን እሱ አይደለም። ያስተወኝን ነገር ለመጻፍ ነው ይህን ደብተር የገዛሁት። ከአንዱ ወደ ሌላው እንደምዘል አውቃለሁ፤ ሳወራም እንዲሁ ነኝ፤ ታገሱኝ።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል ያወቅሁት ከባለቤቴ ነው። እሱ የቤተ ክህነት ሰው ነበር፤ ዳዊት ሲደግም በትከሻው አሻግሬ እያየሁ አንድ አንዱን ለቀምኩት። አልነገርኩትም፤ አውቆ ዝም ብሎኝ እንደሆነም እንጃ። ቶሎ ሞተ። ሁለት ሴት ልጆች ይዤ ይጁቤ አንድ የእህል መጋዘን በጠራጊነት ገባሁ። ደመወዝ ስቀበል በጣት አሻራ ነበር የምፈርመው፤ ማንበብ መቻሌን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም።

መጋዘኑን ሦስት ውሾች ይጠብቁታል፤ ውሾቹን ደግሞ አያ ይበልጣል የሚባሉ ሽማግሌ። የመጋዘኑ ኃላፊ ውሻ አጥብቀው ስለሚፈሩ ጠዋት ጠዋት ከበሩ ውጭ ቆመው፣ “አያ ይበልጣል፣ ታስረዋል?” ይላሉ። እሳቸውም፣ “እኔ እንኳ ከታሰርኩ ቆየሁ፣ እነሱ ገና ናቸው” እያሉ ሳይቸኩሉ ይሄዱና ያስሯቸዋል። አንድ ቀን ሴቷ ውሻ ከባዶ ጆንያ ሥር ወለደች። ማንንም አላስጠጋ ያለች እኔ ስጠርግ ዝም አለችኝ፤ አንዱን ቡችላ አንስቼ ብመለከተው እንኳ አላጉረመረመችም። አያ ይበልጣል ይህን አይተው፣ “አንች፣ መጥረጊያሽን ለሌላ ሰው ስጭና ነይ” አሉኝ። የሥራዬ ጅማሬ ይኸው ነው።

አያ ይበልጣል ቡችላ የሚያስተምሩት ምንም ባለማድረግ ነበር። በወገባቸው በጠፍር ያስሩትና ከዶሮዎች ወይም ከበጎች መካከል ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። መጫኛ ያለፋሉ፣ የዶማ እጀታ ይጠርባሉ። ቡችላው ይዘላል፣ ያለቅሳል፣ ጠፍሩን ያኝካል፤ እሳቸው ዘወር ብለው አያዩትም። ሰባት ቀን እንዲህ ነው። “ውሻ የሚማረው ሲሰለቸው ነው” ይሉ ነበር፤ “ዶሮዋ እንደ ድንጋይ ከሰለቸችው አይነክሳትም።” ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ዱላ የያዘ ሰው ወደ ውሾቹ ሲሄድ ካዩ፣ “በሬ ጠፍቶብህ ነው?” ብለው ይጠይቁታል። ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ እጃቸውን በእንዶድ እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ውሻ የነካ እጅ ነው በሚል። ታጥበው ሲያበቁ አንዱ ውሻ መጥቶ ይልሳቸዋል። እንደገና ይታጠባሉ።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠነቀቁት ግን ለአንድ ነገር ነው። ውሻውን “ቆይ” ብለው ካስቀመጡት፣ ሳይፈቱት አይሄዱም። ከሩቅ ጠርተውም አይፈቱትም። ራሳቸው ተመልሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ መዳፋቸውን በሁለት ጆሮዎቹ መካከል አሳርፈው “በቃህ” ይሉታል። ድሮ “ይፍታህ” ነበር የሚሉት፤ አንድ ቄስ ሰምተው የካህን ቃል ለውሻ ብለው ስለተቆጧቸው ነው የቀየሩት። በእኛ አገር ቄስ ሲገዝት፣ የገዘተው ራሱ ካልፈታ ሌላው አይፈታም ይባላል። “አንችም ቃል ስታስሪ ግዝት መሆኑን እወቂ” አሉኝ። “ሰው ግዝት ይጥሳል። ውሻ በደንብ ከተማረ አይጥስም። ኃጢአቱም ያንችው ይሆናል።” አንድ ጊዜ በትኩሳት ወድቀው ሰዎች በቃሬዛ ሲወስዷቸው፣ በሩ ላይ ያስቀመጡት ውሻ ትዝ አላቸው። ተሸካሚዎቹን አስመልሰው፣ ከቃሬዛው እጃቸውን አውርደው ፈቱት። ይህም ሆኖ ቃሉን ለባለቤታቸው አስተምረው ነበር። ሰው ሟች ነው፣ ቃል የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው መኖር አለበት ይሉ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር እኔ አልያዝኩላቸውም።

ከይጁቤ በኋላ አማኑኤል አጠገብ ወዳለ አንድ የበግ ማርቢያ ወሰዱኝ። ብዙ ዓመት ቆየሁበት። የወለዱ በጎች መካከል ቡችላ አስሬ መቀመጥ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። ኃላፊዋ መነጽሯን በየቦታው የምትረሳ የእንስሳት ሐኪም ነበረች። “እማማ ስመኝ፣ ይህ የውሻ ትምህርት የት ነው የተጻፈው?” ትለኛለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው የሚነበበው ስላት አንድ ቀን መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳት። ማርቢያው ሲፈርስ ልጆቼ ተድረው ነበር፤ እኔም ዕቃዬን በአንድ ኬሻ ጠቅልዬ ወደ ማርቆስ መጣሁ።

የዳክዬውን ነገር ያመጣው ስንታየሁ ነው። እናቱን ስለማውቃት አንተ ነው የምለው፤ እሱ አንቱ ይለኛል። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ኩሬ አስቆፈረ፣ በስተታች በኩል የአፈር ግድብ ሠራ፣ ዳክዬዎች አስመጣ። የእኛ ሰው ዳክዬ አይበላም፤ የሚገዙት መንገድ የሚሠሩት የውጭ ሰዎችና የአዲስ አበባ ሆቴሎች ነበሩ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ ካልበላሽው መጠበቁ አያረክስሽም አሉኝ። ከበላይ ባለው ደብር የሚያገለግሉ አንድ መሪጌታ ግን በኩሬው ባለፉ ቁጥር በቀልድ ሳይነኩኝ አያልፉም።

“እማማ ስመኝ፣ የዳክዬዎችሽ ዜማ ግዕዝ ነው ዕዝል?”

“አራራይ ነው፤ ፉርሽካ ሲያልቅባቸው ያሳዝናሉ” እላቸዋለሁ።

በኅዳር ስንታየሁ ከአዲስ አበባ አንድ ቡችላ ይዞ መጣ። ቡላ ቀለም፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ እግሩ ወፍራም፤ በቀለሙ ቡላ አልነው። ዘሩ የውጭ ነው አለ፤ በአገራቸው አዳኞች የመቱትን ዳክዬ ከውኃ አውጥቶ የሚያመጣ። ሸለምጥማጥና ቀበሮ ስላስቸገረን ጠባቂ እንዲሆን ነበር ያሰበው። እንዴት እንዲህ ያለ ዘር ለዳክዬ ጠባቂ ትገዛለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ሻጮቹ ዳክዬ ያውቃል ብለውኛል አለ። ያውቃል እንጂ! በሦስተኛው ቀን ገመዱን በጥሶ ኩሬው ገባና አንዷን ይዟት ወጣ። እናኑ፣ አብራኝ የምትሠራው፣ በላት ብላ ጮኸች። እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር። ቡላ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና እግሬ ሥር አስቀመጣት። ገላበጥኳት። ላባዋ ረጥቧል፤ የጥርስ ምልክት ግን የለም። ተነስታ እኔን ረግማ ሄደች። እሱ ደግሞ ተመልሶ ገባና ሌላ አመጣ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ስንታየሁ አልሳቀም። ዳክዬዎቹ ከድንጋጤ ብዛት እንቁላል አቋረጡ፤ ገዢዎቹም ሊሸሹት ሆነ። እስከ ፋሲካ ድረስ ከዳክዬ መካከል ሳይነካ ካልቆመ መርዝ እንደሚያስበላው ነገረኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ በእኛ አገር ወፍ በአፉ የያዘ ውሻ መጨረሻው እንዲያ ነው። እኔም በሌላ ውሻ ላይ ስንት ጊዜ ዝም ብዬ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ሌላ ቡችላ አስተምራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቡላን በወገቤ አስሬ ኩሬው ዳር ጥጥ እየፈተልኩ ተቀመጥኩ። ሰባቱ ቀን አልበቃውም፤ አርባ ፈጀ። ሌሎቹ ውሾች ሊበሉ ነው የሚፈልጉ፤ ፍላጎታቸው ሲሰለች ይተዉታል። ይህ ግን ሊሰጠኝ ነበር የሚፈልግ። ዳክዬ ባለፈ ቁጥር ገላው ይንቀጠቀጥና ፊቴን ያያል። ላምጣልሽ? ይመስላል። መስጠትን እንዴት አድርጌ ልከልክለው? እንዲያ ሲያየኝ ስንት ቀን ፈትሌን አበላሽቻለሁ።

ኋላ የበቆሎ ቆረቆንዳ በበግ ለምድ ጠቅልዬ ሰፋሁለት። ዳክዬዎቹ አልፈው ከሄዱ በኋላ፣ እሱ ንቅንቅ ካላለ፣ “በቃህ” እለውና እሱን እወረውርለታለሁ፤ ያመጣልኛል። ሰጪነቱ ሌላ መንገድ አገኘ። ቀስ በቀስ ጠፍሩን አስረዘምኩ፤ ከዚያ ፈታሁት። የማስቀምጠው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር፤ ግድቡ መካከል፣ ዳክዬዎቹ ወደ ውኃ ሲወርዱ የሚያልፉበት። በዐቢይ ጾም መጨረሻ ግድም ትናንሾቹ ዳክዬዎች ሆዱ ሥር ገብተው ይተኙ ጀመር። እሱም እንዳይቀሰቅሳቸው ይመስል ትንፋሹን ይቆጥባል።

የፋሲካ ሰሞን ስንታየሁ ራሱ ሊፈትነው መጣ። ፉርሽካውን ቡላ አፍንጫ ሥር በተነው። ዳክዬዎቹ ተግተልትለው ወጡበት። ይህ አልበቃ ብሎት ቆርቆሮ ደበደበ፤ ዳክዬዎቹ እየተንጫጩ በራሱ ላይ በረሩ፣ አንዷ ጀርባውን ረገጠችው። ቡላ እኔን ብቻ ነበር የሚያይ። ሄጄ ራሱን ዳስሼ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ “በቃህ” ስለው ልብሴ እስኪረጥብ ድረስ እየላሰኝ ተንከባለለብኝ። ስንታየሁ፣ “ይኑር” አለ። እናኑ እልል ልትል ስትል፣ ዳክዬዎቹ እንዳይደነግጡ ብላ አፏን ያዘች።

ያን ጊዜ እናኑ ቃሉን አስተምሪኝ አለችኝ። አንድ ቀን ብትታመሚ ማን ይፈታዋል ብላ ነው። ሁለት ጌታ ያለው ውሻ ይበላሻል አልኳት። ውሸቴን ነው። እኔን ብቻ ማየቱን ስለወደድኩት ነው። ልጆቼ በየቤታቸው ናቸው፤ እንዲያ አድርጎ የሚያየኝ ሌላ አልነበረኝም። ፍቅር መስሎኝ ነበር። ስስት ነው።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ቡላን ግድቡ ላይ “ቆይ” ብዬ አስቀምጬ፣ ዳክዬዎቹን ላወጣ ወደ ቤታቸው ስሄድ እናኑ መጣች። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛለች። አያ ይበልጣል ትንሽ አሟቸዋል ብለው ከይጁቤ ደውለዋል፣ መኪና ቆሞልሻል አለችኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሞተ የሚል ሰው የለም። ፊቷን አይቼ አወቅሁ። እንደቆምኩ መቀነቴን አጥብቄ ሄድኩ። ግድቡን ወደ ኋላ ዘወር ብዬ አላየሁትም። የነገርኳችሁ ሰውዬ፣ ከቃሬዛ ላይ እንኳ የተመለሱት፣ እሳቸው ናቸው የሞቱት፤ እኔም ለእሳቸው ስሮጥ ነው የረሳሁት።

ይጁቤ ስደርስ ሬሳው ወጥቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፍትሐት ሲደረግላቸው ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አለቅሳለሁ። ቄሱ “እግዚአብሔር ይፍታህ” ሲሉ ቡላ ትዝ አለኝ። እንባዬ ቆመ። ወደ ማርቆስ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ስልኬ ጉያዬ ውስጥ ነበር፤ አወጣሁት። ለእናኑ ብደውል ምን እላለሁ? አንገቱ ላይ ገመድ አስገቢና ጎትተሽ አውርጂው ልላት እችል ነበር፤ ቃሉንም በስልክ ልነግራት፣ እጇን የት እንደምታሳርፍ ልነግራት እችል ነበር። የሟቹ ባለቤት አጠገቤ ደረቷን ትመታለች። እኔ እንደ ልጃቸው ነው የቆምኩት። በአያ ይበልጣል መቃብር አፍ ላይ ቆሜ ስለ ውሻ ላወራ? ሰው ምን ይለኛል? ስልኬን መልሼ ጉያዬ ከተትኩት። ይደክመዋል፣ ይነሣል አልኩ። እንደማይነሣ አድርጌ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ እኛንም ደረሰብን። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ስንገባ በረዶ ሸራውን ይመታው ነበር። ሰው ሁሉ ለአያ ይበልጣል ሰማዩም አለቀሰ ይላል። እኔ ሌላ ነገር ነበር የማዳምጠው።

ሣልስት ሳልውል በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ። እናኑ በሩ ላይ ነበረች።

“እትዬ ስመኝ፣ ዳክዬዎቹ ደህና ናቸው” አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

“ቡላስ?”

ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። መጀመሪያ በረዶ ወረደ፤ ሁሉም መጠለያ ገቡ። ከላይ የመጣው ጎርፍ ኩሬውን ሞላው፤ ውኃው በግድቡ ጫፍ ላይ ይፈስ ጀመር። ጠሩት። ዘበኛው አፏጨለት፣ እሷ ዳቦ አሳየችው። ብድግ አለ፤ እኔ የሄድኩበትን መንገድ አየ፤ መልሶ ቁጭ አለ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ልትሄድለት ግድቡ ላይ እግሯን ብታሳርፍ አፈሩ ከሥሯ ተንቀሳቀሰ።

“ቃሉን ባውቀው ኖሮ፣ እትዬ…” አለችኝ።

ግድቡ በመካከሉ ነው የተናደው። ዳክዬዎቹማ ምን ይሆናሉ፤ ውኃ ቤታቸው ነው። ከታች ካለው ረግረግ ሲንሳፈፉ ለቅመው አመጧቸው፤ ጥቂት ብቻ ነው የጎደለው። ቡላን ከረግረጉ ፊላ ሣር ውስጥ እኔ ነኝ ያገኘሁት። ገላው ላይ ቁስል አልነበረበትም።

በእኛ ዘንድ ለውሻ መቃብር አይቆፈርም፤ ለጅብ ይጣላል። እኔ ግን ከኩሬው በላይ ዶማ ይዤ ጀመርኩ። መሬቱ ረጥቦ እንኳ ጉልበቴ አልቻለም። መሪጌታው በመንገዱ ሲያልፉ አዩኝ፤ ስድብ ወይም ቀልድ ጠበቅሁ። መጽሐፋቸውን ማኅደሩ ውስጥ አድርገው ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ዶማውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ጉድጓዱን እሳቸው ጨረሱት። ሲሄዱ እጃቸውን ወንዝ ታጠቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የከበደኝ። ስንታየሁ ግድቡን በድንጋይ አሠራ። ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ የቡላን ፎቶ ከስልኩ ያሳያል፤ ቦታውን ሳይለቅ የሞተ ታማኝ እያለ ያወራል። ነገሩ በከተማው ተዛመተ፤ ልጆቻቸውን ይዘው ግድቡን ሊያዩ የሚመጡ ነበሩ። ያስተማረችው እሷ ናት ብለው ይጠቁሙኛል። አንዲት ሴት እጄን ሳመችኝ። እኔም ሳምኳት። እውነቱን አልነገርኳትም።

እንዲህ ሆኜ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ስንታየሁ ከመኪና ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ካፖርቱ ውስጥ የሸፈነው ነገር ይንቀሳቀሳል። አወጣው፤ ቡላ ቀለም፣ ጆሮው የተንጠለጠለ።

“እማማ፣ ከአንድ ዘር ነው” አለኝ። “ይሄኛውም እንደሱ እንዲሆን ነው የምፈልገው። እንደሱ ታማኝ።”

“ቡላ በታማኝነት አይደለም የሞተው” አልኩት። “ቆይ ብዬው፣ ሳልፈታው ለቅሶ ሄጄ ነው። ይጁቤ ሳለሁ ትዝ ብሎኝ ነበር። ስልክ በእጄ ነበር። ለውሻ ብዬ መደወል አፍሬ ነው።”

ስንታየሁ ወደ ግድቡ ዞረ።

“እናኑ ታውቃለች?”

“ሳልፈታው መሄዴን ታውቃለች። ትዝ እንዳለኝ አታውቅም።”

“ታዲያ ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?”

“ሌላ ባታመጣ ዝም እል ነበር።”

ቡችላው መሬት ላይ ወርዶ እግሬን አሸተተ። የቀሚሴን ጠርዝ በአፉ ያዘና ቀና ብሎ አየኝ። ስንታየሁ፣ እርስዎ ካላስተማሩት ማን ያስተምረዋል አለኝ፤ ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም።

“እናኑ ታስተምረው” አልኩት። “አጠገቧ ተቀምጬ አሳያታለሁ፤ ከዚያ እሄዳለሁ። አንተም ከእሷ ጋር ተማር፣ ዘበኛውም ይማር። ቃሉን ለአንድ ሰው ብቻ አትተዉት።”

“እርስዎስ?”

“እኔ አልነካውም።”

ስንታየሁ አጎንብሶ የቀሚሴን ጠርዝ ከቡችላው አፍ አስለቀቀ። እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ ያዝኩ። አንድ ጊዜ ራሱን ከዳሰስኩት፣ ለማንም እንደማልሰጠው አውቃለሁ።